በቋንቋ ውስጥ የንጽጽር ትርጉምና አገልግሎት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ስለ ቋንቋ ይናገር ዘንድ መሐንዲስ መጋበዙ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ቋንቋ የሊቃውንትና የመምህራን ርስት ነው፤ የእኛ ድርሻ ድንጋይና ብረት፣ ውኃና መብራት ነው የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ሳይጽፍ የሚውል ማን ነው? የሥራ ዝርዝር እናዘጋጃለን፤ ውል እናረቃለን፤ የጨረታ ሰነድ እንመረምራለን፤ ለአሠሪውም ለሕዝቡም መግለጫ እንሰጣለን። በእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ ዘወትር የምንሠራው አንድ የቋንቋ ሥራ አለ፤ እርሱም ማነጻጸር ነው። «ይህ ከዚያ ይሻላል»፣ «ይህ ያንን ያህላል»፣ «ይህ እንደዚያ ነው» እንላለን። ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት የሚነሣው ይህ ቃል ነው። ቃሉ ከተዛባ ድንጋዩም ይዛባል። ስለዚህ የንጽጽርን ትርጉምና አገልግሎት መመርመር ከሙያችን መውጣት ሳይሆን ወደ ሙያችን መሠረት መውረድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ንጽጽር» የሚለው ቃል ሥሩ የግእዙ «ነጸረ» ነው፤ ትርጉሙም ተመለከተ፣ አየ ማለት ነው። በዓይናችን ላይ የምናደርገው መነጽርም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ማነጻጸር ማለት ሁለት ነገሮችን ፊት ለፊት አቁሞ አንዱን በሌላው አማካይነት መመልከት ነው። «ምሳሌ» ደግሞ ከ«መሰለ» የተወለደ ነው፤ ምስል፣ አምሳያ፣ ተመሳሳይ የሚሉት ቃላት ወንድሞቹ ናቸው። «ማመዛዘን» ከሚዛን ጋር፣ «ማወዳደር» ከውድድር ጋር አንድ ቤት ናቸው።

እነዚህን ቃላት በንግግራችን እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን። ነገር ግን ሥራቸው አንድ አይደለም። መነጽር ያሳያል፤ ሚዛን ይለካል፤ ውድድር አሸናፊውን ይለያል፤ ምሳሌ ያስረዳል። ሊያስረዳ የመጣውን ምሳሌ እንደ ሚዛን ብንቆጥረው፣ ወይም ሊለካ የሚገባውን ነገር በምሳሌ ብናልፈው፣ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

የሰዋስዉም ነገር ትኩረት የሚገባው ነው። አማርኛችን እንደ አንዳንድ የአውሮፓ ቋንቋዎች በቅጽሉ ጫፍ ላይ የሚቀጠል የማበላለጫ ፊደል የለውም። የሚያነጻጽረው «ከ» በሚለው መስተዋድድና በለጠ፣ አነሰ፣ ተሻለ፣ ከፋ በሚሉት ግሦች ነው። ይህ «ከ» ደግሞ «ከአዲስ አበባ ተነሣ» ስንል የመነሻን ቦታ የሚያመለክተው ያው «ከ» ነው። ግእዝም በ«እም» ሁለቱን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ በቋንቋችን ጠባይ ንጽጽር መነሻ ያለው ጉዞ ነው ማለት ነው። ለቀያሽ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመነሻ ነጥቡ ያልታወቀ የከፍታ ቁጥር ከቁጥርነት አልፎ ትርጉም እንደሌለው ያውቃል።

አራቱ ጥያቄዎች

አንድ ንጽጽር ሙሉ እንዲሆን ለአራት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል። ከምን? በምን? በምን ያህል? እስከ የት? በዕለት ንግግር ከአራቱ ሦስቱን ብንተው እንግባባለን። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረታችን ግሡን እንኳ ትቶት ሁላችንም «ይሻላል» ብለን እንሞላዋለን። ይህ የቋንቋው ውበት ነው፤ ተናጋሪውና ሰሚው አንድ ኑሮ ስለሚኖሩ የጎደለውን በጋራ ይሞሉታል። የእኛ ጽሑፍ አንባቢ ግን ሩቅ ነው። ውሉን ያላረቀቀ ተቆጣጣሪ፣ በስብሰባው ላይ ያልነበረ ሥራ ተቋራጭ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳውን ለመጠገን የሚመጣ ሌላ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። የተተወውን መልስ እያንዳንዱ በራሱ ልማድ፣ አንዳንድ ጊዜም በራሱ ጥቅም ይሞላዋል።

መጀመሪያ «ከምን?» የሚለውን እንይ። «የተሻለ ጥራት ያለው ብሎኬት ይቅረብ» የሚል ዐረፍተ ነገር በሥራ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ አቅራቢው በምን ይገደዳል? ከትናንቱ የተሻለ ነው? ከጎረቤቱ? ከመጥፎው? መነሻው ስላልተነገረ ማንኛውም ብሎኬት ከአንድ ሌላ ብሎኬት ይሻላልና ውሉን ያሟላል። መነሻው ተነግሮም እንኳ «ከ» ያለበት ዐረፍተ ነገር ሁለት ፊት ሊኖረው ይችላል። «ሥራ ተቋራጩ ከአማካሪው ይልቅ አሠሪውን ያከብራል» ብንል ሥራ ተቋራጩ አማካሪውን ከሚያከብረው ይበልጥ አሠሪውን ያከብራል ማለት ነው? ወይስ አማካሪው አሠሪውን ከሚያከብረው ይበልጥ ተቋራጩ ያከብራል ማለት ነው? ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር በሁለት ከፍሎ መጻፍ ጥቂት ቃላት ያስጨምራል፤ ብዙ ክርክር ግን ያስቀራል።

ሁለተኛው «በምን?» የሚለው ነው። አንድ ቀላል ጥያቄ ላቅርብ። ከጣና ሐይቅና የሕዳሴው ግድብ ከፈጠረው፣ ንጋት ሐይቅ ተብሎ ከተሰየመው ውኃ የትኛው ይበልጣል? ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ይሸፍናል፤ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ የሚሸፍነው ግን 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጣና ይበልጣል። ነገር ግን የጣና አማካይ ጥልቀት 9 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የሚይዘው ውኃ 27 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ግድም ሲሆን፣ የግድቡ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ስለዚህ ንጋት ሐይቅ ይበልጣል። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ያለ «በምን?» ሲነገሩ ያሳስታሉ።

በዚሁ ግድብ ላይ ሌላም ምሳሌ አለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተተከሉት ማመንጫዎች አቅም 5,150 ሜጋ ዋት እንደሆነ ተነግሯል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ አቅም 43 ሜጋ ዋት ነው። ይህ የአቅም ንጽጽር ነው። በዓመት የሚገኘው ምርት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማመንጫዎቹ ዓመቱን በሙሉ ሳያርፉ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ይገኝ ነበር፤ በዕቅድ የተያዘው ግን የዚህ ሲሶ ግድም ነው። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም፤ የወንዙ ጠባይ ነው። ችግሩ በአማርኛችን ሁለቱንም «ኃይል» ብለን መጥራታችን ላይ ነው። አንዱ በሜጋ ዋት፣ ሌላው በሜጋ ዋት ሰዓት እንደሚለካ ካላመለከትን አንባቢው የአንዱን ግድብ አቅም ከሌላው ግድብ ምርት ጋር ሲያነጻጽር ይውላል።

ስለ እጥፍና ስለ ያህል

ሦስተኛው ጥያቄ «በምን ያህል?» የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የተለመዱ ቃሎቻችንን በጥንቃቄ መመልከት ይገባናል።

አንደኛው «እጥፍ» ነው። ቃሉ ከማጠፍ የመጣ ነው፤ ወረቀት አንድ ጊዜ ቢታጠፍ ሁለት ድርብ፣ ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ አራት ድርብ ይሆናል። በልማዳችን ግን «እጥፍ» ስንልም «ሁለት እጥፍ» ስንልም ሁለት ጊዜ ያንኑ ማለታችን ነው። «በሁለት እጥፍ ይበልጣል» ሲባል ደግሞ አንዱ ሁለት ጊዜ ያንኑ ሲል፣ ሌላው በነባሩ ላይ ሁለት ተጨምሮበት ሦስት ይለዋል። እንግዲህ ነባሩ ጭነት 10 ቶን ቢሆንና «ሁለት እጥፍ ይበልጣል» ብለን ብንጽፍ፣ አንባቢው 20፣ 30 ወይም 40 ቶን ሊያነብ ይችላል። ምሰሶ የሚነድፍ ሰው በዚህ ምርጫ ውስጥ ሊተው አይገባውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከእጥፉ አጠገብ ቁጥሩን መጻፍ ነው።

ሁለተኛው «ያህል» ነው። «ወንድሙን ያህላል» ስንል እኩልነትን፣ «አሥር ያህል ሰዎች» ስንል ግምትን መናገራችን ነው። አንዱ ቃል እኩል ማለትም ነው፤ ግድም ማለትም ነው። እኔም ቀደም ሲል የጣናን ጥልቀት «9 ሜትር ያህል» ስል ግምትን ማመልከቴ ነበር፤ በንግግር ይህ ይበቃል። በውል ውስጥ ግን «ከ12 ሚሊ ሜትር ያላነሰ»፣ «ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት» የሚሉት አነጋገሮች የተሻሉ ናቸው፤ ከ«ያህል» የተሻሉበትም ምክንያት ወሰናቸውን በግልጽ ስለሚናገሩ ነው። «በመቶ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። የውኃ መስመር ብክነት ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ፣ «በ5 በመቶ ቀነሰ» የሚለውና «በ25 በመቶ ቀነሰ» የሚለው አንዱን ሥራ የሚገልጹ ሁለት ዜናዎች ይሆናሉ። የመጀመሪያው አምስት የመቶኛ ነጥብ ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው ከነባሩ ብክነት ሩቡ ቀረ ማለቱ ነው።

አንዳንዱ መለኪያ ደግሞ ደረጃው ሲታይ አጭር፣ ርቀቱ ግን ረጅም ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው በመጠን 5 እና በመጠን 6 መካከል ያለውን ልዩነት የአንድ ደረጃ ልዩነት አድርጎ ይረዳው ነበር። በመሣሪያው ላይ የሚመዘገበው የሞገድ ስፋት ግን በአንድ ደረጃ አሥር ጊዜ፣ የሚለቀቀውም ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ያድጋል። ሁለት ደረጃ ሲሆን ጉልበቱ ሺህ ጊዜ ይደርሳል። «ከአምስት ስድስት በአንድ ይበልጣል» የሚለው የትምህርት ቤት እውነት እዚህ ላይ ቤት ያፈርሳል።

የመለኪያው ስም ሲዘነጋ የሚሆነውን የአቪዬሽን ታሪክ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ከሞንትሪያል ወደ ኤድመንተን ይበር የነበረ ቦይንግ 767 የካናዳ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት ሲሰላ 0.8 ኪሎ ግራም መባል ሲገባው፣ በፓውንድ የሆነው 1.77 ተወሰደ። ስለዚህ በጋኑ የነበረው 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ10,200 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ማባዛቱና ማካፈሉ ልክ ነበር፤ የተነጻጸሩት ግን ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ነበሩ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ ስላሳረፉት የሰው ሕይወት አልጠፋም።

የንጽጽር ወሰን

አራተኛው ጥያቄ «እስከ የት?» የሚለው ነው፤ ለሙያችንም ከሁሉ የከበደው ይህ ይመስለኛል። ትንሹ ሞዴል ከቆመ ትልቁም ይቆማል የሚለው ንጽጽር ለዓይን የተፈተነ እውነት ይመስላል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህ ለምን እንደማይሆን አስረዳ። የአንድን አካል ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሁለት ብናባዛ፣ ሸክሙን የሚቀበለው የአጥንቱ ወይም የምሰሶው ቁራጭ ስፋት አራት ጊዜ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት ጊዜ ያድጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚሸከመው ጫና በእጥፍ ይጨምራል። ትልቁ ከትንሹ ጋር በመልክ እንጂ በጥንካሬ አይመሳሰልም።

የታኮማ ድልድይ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር የተሠራው ይህ ተንጠልጣይ ድልድይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ተከፍቶ በዚያው ዓመት ኅዳር በነፋስ ተናውጦ ወደቀ። መካከለኛው ርዝመቱ 853 ሜትር ሲሆን የወለሉ ደጋፊ ብረት ቁመት 2.4 ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህም 350ኛ እጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተው የወርቃማው በር ድልድይ ደጋፊ ግን የርዝመቱ 168ኛ እጅ ነበረው። በከባዶቹና በሰፋፊዎቹ ድልድዮች የተፈተነው ስሌት የተሽከርካሪን ጭነትና ዝም ብሎ የሚገፋን ነፋስ በሚገባ ይመልስ ነበር። ነፋሱ ቀላልና ቀጭን ወለልን እያወዛወዘ ውዝዋዜውን ራሱ እንደሚመግበው ግን ንጽጽሩ አይነግርም ነበር። አዲሱ ድልድይ ከቀደሙት ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰል ነበር፤ በወሰነው ነገር ግን አይመሳሰልም ነበር። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው የአባቶች ቃል ድልድይ ለሚሠራ ሰው በቀጥታ የተነገረ ይመስላል።

ምሳሌ ግን አይናቅም

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ንጽጽርን በቁጥር እንጠር የሚል ይመስላል። ይህን ብቻ ብዬ ብወርድ ግን ግማሹን እውነት ብቻ ተናግሬ መሄዴ ነው። ሙያችን ያለ ምሳሌ አይነገርም፤ እንዲያውም ያለ ምሳሌ አይታሰብም። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ጉልበት ለገዢዎቹ ሲያስረዳ ከሚያውቁት ከፈረስ ጋር አነጻጸረው፤ እኛም ዛሬ ድረስ የመኪናን ሞተር በፈረስ ጉልበት እንጠራለን። ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 የኤሌክትሪክን ሕግ ያስቀመጠው ሙቀት በብረት ውስጥ ከሚተላለፍበት ሁኔታ ጋር አመሳስሎ በማሰብ ነው። የማይታወቀው የሚያዝበት እጀታ ከታወቀው ነገር ይወሰዳልና።

በግንባታ ቦታም እንዲሁ ነው። የኮንክሪቱን ድብልቅ «እንደ አጥሚት አታቅጥኑት፤ እንደ ገንፎ ይሁን» የሚል ፎርማን ሥራውን ያውቃል። የቀን ሠራተኛው ከየትም ይምጣ የገንፎን ውፍረት ያውቃልና ትእዛዙ በአንድ ቃል ይደርሰዋል። የእኛ ድርሻ ፎርማኑን ማረም ሳይሆን ገንፎውን ከቁጥር ጋር ማሰር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ሾጣጣ ቅርጽ ድብልቁን ሞልቶ፣ ቅርጹን አንሥቶ፣ ምን ያህል እንደወረደ መለካት የገንፎው ሚዛን ነው። ወሰኑንም መንገር ይገባል። ውፍረት ሥራውን ያቀላል እንጂ ጥንካሬን አይመሰክርም። ዳፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳየው የኮንክሪትን ጥንካሬ በዋናነት የሚወስነው የውኃው ከሲሚንቶው ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ለ50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ሲገባ ንጽጽሩ 0.5 ነው፤ ለመገልበጥ እንዲቀል 10 ሊትር ቢጨመርበት 0.7 ይሆናል፤ ጥንካሬውም በእጅጉ ይወርዳል።

ኤሌክትሪክን በውኃ መመሰላችንም እንደዚሁ ነው። የጋኑ ከፍታ ቮልቴጅን፣ የቧንቧው ጥበት ተቃውሞን፣ የውኃው ፍሰት ኮረንቲን ይመስላል። ተማሪ በዚህ በአንድ ሰዓት ብዙ ይማራል። ነገር ግን ቧንቧ ሲሰበር ውኃው ይፈስሳል፤ ይታያልም። ሽቦ ሲበጠስ ምንም አይፈስስም፤ ምንም አይታይም። ምሳሌውን ሳይገድብ የተማረ ሰው መሬት ላይ የወደቀውን ሽቦ ጸጥ ማለቱን አይቶ «ባዶ ነው» ሊል ይችላል። ሽቦው ግን ግፊቱን እንደያዘ ነው፤ የጎደለው መንገድ ብቻ ነው። የሚነካው ሰው መንገድ ይሆንለታል። እዚህ ላይ ምሳሌው የሚቆምበትን ቦታ አለመንገር የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ በየመንደሩ ስለ መብራት የሚያስተምር ባልደረባችን ምሳሌውን እንደጨረሰ «ውኃና ኮረንቲ የሚለያዩት ግን በዚህ ነው» የሚል ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጨምር።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። ይህ ተረት ለጉዳያችን የተመረጠ ነው። ብርሌ ጠጁን ይይዛል፤ ጥራቱን በመስተዋቱ በኩል ያሳያል፤ ለእጅም ይመቻል። ሆኖም ብርሌው ጠጁ አይደለም፤ በብርሌው ቅርጽም የጠጁን ጥራት የሚፈርድ ጠጪ የለም። ምሳሌም ነገሩን ያሳየናል፣ ያስጨብጠናል እንጂ ነገሩን አይተካም።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ከዚህ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ጥቂት ነው። በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰነድ ከመፈረሙ በፊት «የተሻለ»፣ «የበለጠ»፣ «እንደ»፣ «ያህል» እና «እጥፍ» የሚሉት ቃላት ያሉባቸው ዐረፍተ ነገሮች ለብቻቸው ተለይተው ይነበቡ። ለእያንዳንዳቸው ከምን፣ በምን፣ በምን ያህል፣ እስከ የት የሚሉት ጥያቄዎች ይቅረቡላቸው። መልስ የሌለው ዐረፍተ ነገር ወደ ጸሐፊው ይመለስ። «እንደ ናሙናው ይሠራል» የሚል ከሆነ በመልኩ ነው፣ በልኩ ነው ወይስ በጥንካሬው ተብሎ ይጠየቅ። ለሕዝብ በምንናገርበትም ጊዜ ምሳሌን አንፍራ፤ ወሰኑን ግን አብረን እንንገር።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ቃል አያጥረውም። «ልክ» የሚለው አንዱ ቃላችን መጠንም ነው፣ ትክክልም ነው፤ «ልክ እንደ» ስንልም ሁለቱን በአንድ ላይ እንጠራለን። ቋንቋው መጠንንና እውነትን በአንድ ቃል አስተሳስሮ ካቆየልን፣ በጽሑፋችን እንዳይለያዩ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው። ውሉን የሚያነብበው ተቆጣጣሪ፣ ድብልቁን የሚያቦካው ሠራተኛ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ እኛ ምን ለማለት እንደፈለግን ሊጠይቁን አይችሉም። የሚያገኙት ያልነውን ብቻ ነው።